በዛፍ ረድፍ ውስጥ የሚበቅል አረም፦ ግንዱን ሳንጎዳ እንዴት እናጽዳው?

ኮክ ተካይ

ሰላም ለመድረኩ ቤተሰቦች። የፖምና የኮክ ዛፎች አሉኝ፤ ከተተከሉ ሦስተኛ ዓመታቸውን ይዘዋል። በረድፍና በረድፍ መካከል ያለው ሰፊ መተላለፊያ አያስቸግረኝም፤ የሣር ማጨጃው ገብቶ ይወጣል፣ አለቀ። የሚያንገበግበኝ ረድፉ ውስጥ ያለው ነው፤ በዛፍና በዛፍ መካከል፣ ከዚያም ብሶ ግንዱ ሥር የሚበቅለው። ማሽን አይደርስበትም። በእጅ ልንቀል ቢሉት ደግሞ በአንዱ ጫፍ ሲጨርሱ በሌላው ጫፍ አድጎ ይጠብቃል።

በቅርቡ የናይለን ክር ማጨጃ ያለው የቀን ሠራተኛ አስገባሁ። ረድፉ ተላጭቶ ሳየው ደስ ብሎኝ ነበር። የታጨደው ሣር ሲደርቅና ሲሳሳ ግን የብዙዎቹ ግንድ ከመሬት አንድ ስንዝር ሳይሞላ ቅርፊቱ ተልጦ ነጩ እንጨት ይታያል። በአንዳንዶቹ ቁስሉ ዙሪያውን ሊገጥም ጥቂት ነው የቀረው።

የቆሰሉት ይተርፋሉ ወይ? ከእንግዲህስ ምን ላድርግ? ፀረ አረም ልርጭ ስል አንዱ «ዛፉን ትገድለዋለህ» ይለኛል፣ ሌላው «ምንም አይሆንም» ይለኛል። ግራ ገባኝ።

ዶማ ይሻላል

እኔ ያንን ክር ማጨጃ ግንድ አጠገብ ሳየው ነው የሚያመኝ። ሰውዬው ምንም ያህል ጥንቁቅ ቢሆን ክሩ ከሣሩ ጀርባ ያለውን ግንድ አያውቀውም።

ሽማግሌው ገበሬ

ልጄ፣ አትደንግጥ፤ መጀመሪያ ጉዳቱን በደንብ እይ። ትንሽ ስለታም ቢላ ያዝና ከቁስሉ ጠርዝ ትንሽ ወጣ ብለህ፣ ደህና የሚመስለውን ቅርፊት በጥፍር ስፋት ብቻ ፋቅ አድርገው። ከላይኛው ቡናማ ልባስ ሥር እርጥብና አረንጓዴ ነገር ከወጣ ያ ቦታ ሕያው ነው። ቡናማ ሆኖ ከደረቀ ግን ሞቷል፤ ቁስሉ ዓይንህ ከሚያየው ይሰፋል ማለት ነው። ወደ ላይም ወደ ጎንም እየሄድክ ሕይወቱ የሚጀምርበትን ድንበር ፈልግ። በክር የተመታ ግንድ ላይ ቅርፊቱ ሳይላጥ ውስጥ ለውስጥ የተቀጠቀጠበት ቦታም አይጠፋም፤ ሲጫኑት ለስለስ ይላል።

ከዚያ ዙሪያውን በዓይንህ ከፋፍለው። ከግንዱ ዙሪያ ሲሶ የማይሞላ ቁስል ያለበት ዛፍ አብዛኛውን ጊዜ ራሱ ይሽራል፤ ጠርዙ ላይ እንደ ከንፈር እየወፈረ ወደ መሃል ይመጣል። ከግማሽ በላይ የተላጠው አጠራጣሪ ነው። ዙሪያውን የገጠመው ግን ዛሬ ቅጠሉ ምንም ያህል ቢያምር እንዳያታልልህ።

ምክንያቱን ልንገርህ። ውሃ ከሥር ወደ ላይ የሚወጣው በእንጨቱ በኩል ነው። ቅጠል የሠራው ምግብ ወደ ሥር የሚወርደው ግን በቅርፊቱ ውስጠኛ ክፍል ነው። ቅርፊቱ ዙሪያውን ሲቆረጥ ውሃው መውጣቱን አያቆምም፤ ቅጠሉም አረንጓዴ እንደሆነ ይቆያል፤ ባለቤቱም ተርፏል ብሎ ይተኛል። ሥሩ ግን ያጠራቀመውን እየበላ ይቆይና ሲያልቅበት ይሞታል። ብዙ ጊዜ ጉዱ የሚወጣው በሚቀጥለው ወቅት ቡቃያ ሲጠበቅ ነው። ያኔ ሰው «ውርጭ መታው»፣ «በሽታ ገባው» ይላል፤ ባለፈው ዓመት ያለፈውን ማጨጃ የሚያስታውስ የለም።

የተንጠለጠለ የቅርፊት ቁራጭ ካለ በንጹሕ ቢላ ጠርዙን አስተካክለህ ቁረጠው። ሬንጅ፣ ጭቃ፣ የቁስል ቀለም እያልክ አትለጥፍበት፤ ቁስሉን ከማሻር ይልቅ እርጥበት ሥሩ ያስቀራል። ደረቅና አየር የሚያገኝ ቁስል ይሻላል።

ኮክ ተካይ

ጋሼ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እንዳሉኝ በቢላ ፋቅ ፋቅ አድርጌ አየሁ። አብዛኞቹ ከሲሶ በታች ናቸው። ጥቂት ፖሞች ግን ዙሪያውን ገጥመዋል። እነሱን ነቅዬ ልጣል ወይስ የሚደረግ ነገር አለ?

ሽማግሌው ገበሬ

ድልድይ ድቀላ የሚባል አለ። ዛፉ እንቅልፍ ላይ ሳለ ከራሱ ዝርያ የእርሳስ ውፍረት ያላቸው የዓመት ቅርንጫፎች ቆርጠህ፣ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለህ ብርድ ውስጥ ታስቀምጣለህ። እድገት ሲጀምርና ቅርፊቱ ከእንጨቱ በቀላሉ ሲላቀቅ፣ አንዱን ጫፍ ከቁስሉ በታች ካለው ሕያው ቅርፊት፣ ሌላውን ከቁስሉ በላይ ካለው ታስገባለህ። ምግቡ በእነሱ ላይ ተሻግሮ ይወርዳል። አገጣጠምህ ላይ ቅርንጫፉን አትገልብጠው፤ ወደ ላይ የነበረው ጫፍ ወደ ላይ ይሁን። ዙሪያውን በየጥቂት ጣት ርቀት አንድ አንድ አድርግ።

ከቁስሉ በታች ቆርጠህ እንደገና ይብቀል የሚልህ ሰው ካለ ደግሞ የተዳቀለበት ቦታ የት እንደሆነ አስቀድመህ እይ። ቁስሉ ከሱ በታች ከሆነ የሚወጣልህ የሩትስቶኩ፣ ማለትም ፖሙ የተዳቀለበት የታችኛው ተክል ቡቃያ ነው፤ የምትፈልገው ፖም አይደለም።

ለሦስት ዓመት ዛፍ ይህን ሁሉ መድከም ይገባል ወይ ብትለኝ፣ ለጥቂቱ ሞክረው፤ ለቀሪው አዲስ ተክል ይሻላል። በዚህ ዕድሜው ማጣቱ ብዙ አያከስርም።

ኖዝል

በፀረ አረም ጉዳይ እኔ ልናገር፤ ሥራዬ ይኸው ስለሆነ። «ዛፉን ትገድለዋለህ» የሚለውም «ምንም አይሆንም» የሚለውም ግማሽ ግማሽ እውነት ይዘዋል። መልሱ የሚወሰነው በምን መድኃኒት እንደምትረጭ፣ የት እንደሚያርፍና ግንዱ ምን ዓይነት ቅርፊት እንዳለው ነው።

ግላይፎሴት ከ1974 ጀምሮ ገበያ ላይ ያለ፣ በቅጠልና በማንኛውም አረንጓዴ አካል ገብቶ እስከ ሥር የሚወርድ ነው። አፈር ሲነካ ከሸክላው ጋር ተጣብቆ ስለሚያዝ በሥር በኩል ዛፉን የመጉዳት ዕድሉ ትንሽ ነው። ችግሩ ከላይ ነው። የወጣት ዛፍ ቅርፊት ስስና ገና አረንጓዴነት ያለው ስለሆነ ያስገባዋል። የተገረዘ ቁስል ያስገባዋል። የአንተ ዛፎች ደግሞ አሁን የተላጠ ቁስል አላቸው፤ ስለዚህ እስኪሽሩ ድረስ ግንድ አካባቢ ባትሞክረው ነው ምክሬ። ከሁሉም የባሰው ከግንዱ ሥር የሚፈነዳው ቡቃያ ነው። ሰው እንደ አረም ቆጥሮ ይረጨዋል፤ ያ ቡቃያ ግን የዛፉ ሥር ልጅ ነው፤ የጠጣውን ለእናቱ ያደርሳል። ቡቃያውን በመቁረጫ አውጣውና ጠባሳው ሲደርቅ ብቻ ነው መርጨት የሚታሰበው።

የተመረዘ ዛፍ ምልክቱ የሚታየው ብዙ ጊዜ በሚቀጥለው የእድገት ወቅት ነው፤ ቅጠሉ እንደ ገመድ ቀጥኖ፣ አጥሮና ተጠጋግቶ እንደ ጉንጉን ይወጣል። ያየ ሰው ቫይረስ ይመስለዋል።

ሌላው ዓይነት የነካውን ብቻ የሚያቃጥለው ነው። ግሉፎሲኔት ከዚህ ወገን ነው፤ ወደ ሥር ብዙ አይወርድም፤ ግን አረንጓዴ ቅርፊትን ያቃጥላል፣ ይሰነጥቃልም፤ ስለዚህ እሱም ያለ ከለላ አይረጭም። ፓራኳትን በተመለከተ አጭር ነኝ፤ ጥቂት ጉንጭ ቢጠጣ ሰው ይገድላል፣ ማርከሻ የለውም፣ የአውሮፓ ኅብረት ከ2007 ጀምሮ ከልክሎታል። በውሃ ጠርሙስ ተቀድቶ የተቀመጠ ፓራኳት ካያችሁ ከቤቱ አስወጡት።

አረጫጨቱ ላይ፣ ግፊቱን ዝቅ አድርጉ፣ ትላልቅ ጠብታ የሚያወጣ ኖዝል (የመርጫ አፍንጫ) ግጠሙ፣ ኖዝሉ ላይ መከለያ አድርጉ፣ ከጉልበት በታች እርጩ። ነፋስ ሲበረታ እንደማይረጭ ሁሉም ያውቃል። ብዙ ሰው የማያውቀው በጣም ጸጥ ያለ ማለዳም መጥፎ መሆኑን ነው፤ ቀዝቃዛው አየር መሬት ላይ ተኝቶ ደቃቁን ጠብታ እንደያዘ ወደ ጎረቤት ይሄዳል። ለስላሳ፣ አቅጣጫው የታወቀ ነፋስ ይመረጣል። እና እባካችሁ ግላይፎሴትን በደፈረሰ ውሃ አትበጥብጡ። ጭቃው ራሱ ይዞት ይቀራል፤ ከዚያ «መድኃኒቱ የውሸት ነው» ትላላችሁ።

ጉዝጓዝ ብቻ

ኖዝል፣ ጥሩ አብራርተሃል፤ ግን አንድ ነገር ዘለልክ። ግላይፎሴትን የተላመደ የመጀመሪያው አረም በአውስትራሊያ በ1996 ነው የተመዘገበው፤ ሪግራስ የሚባለው ሣር ጠንካራው ዓይነት ነበር። እዚያው አገር የፍራፍሬ እርሻ ውስጥም ብዙ ሳይቆይ ተገኘ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። በየዓመቱ እዚያው ረድፍ ላይ፣ ያንኑ መድኃኒት። ማኅደር አገላብጡ ብዬ ላስቸግራችሁ አይደለም፤ የረድፋችሁን ጫፍ ሄዳችሁ እዩ፤ ከመርጨት የተረፈው አረም ሁሌም አንድ ዓይነት ነው።

ስለ ጤናው ደግሞ በ2015 ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ ለሰው «ካንሰር አምጪ ሳይሆን አይቀርም» ካላቸው ተርታ መድቦታል። የአውሮፓ ኅብረት በ2023 ለ10 ዓመት ፈቃዱን አድሷል። ሁለቱም እውነት ነው፤ ሁሉም የራሱን ይወስን።

ለጠያቂው ግን ምክሬ ሌላ ነው። ወንድሜ፣ ግንድህ ሥር አረም የሚበቅለው ብርሃን ስለሚያገኝ ነው። ብርሃኑን ከልክለው። ሻካራ የእንጨት ፍቅፋቂ ካገኘህ ከ8 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ውፍረት አልብሰው። ከዚያ በታች ከሳሳ አረሙ ይወጣበታል፤ ደቃቅና በጣም የወፈረ ከሆነ ደግሞ አየር ያፍናል። ከሥሩ ቴፑ የተላቀቀ ካርቶን ደራርበህ ካነጠፍክ የመጀመሪያው ወቅት በጣም ይቀልሃል። «እንጨት ናይትሮጅን ይመጥጣል» ሲሉህ አትፍራ፤ ከአፈር ጋር ካልቀላቀልከው የሚወስደው ከላይኛው ስስ ንጣፍ ብቻ ነው፤ ያ ደግሞ አዲስ የአረም ዘር እንዳይበረታ ያግዝሃል።

አንድ ነገር ግን እንደ ሕግ ያዝ፤ ጉዝጓዙ ግንዱን አይንካ። በዙሪያው ቢያንስ አንድ መዳፍ፣ ማለትም ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ክፍት ይቅር። እዚያች ክፍት ቦታ ላይ የሚበቅለውን በእጅህ ንቀል። ጉዝጓዝ ግንድ ላይ ክምር ሲሆን ቅርፊቱ እርጥብ ሆኖ ይውላል፣ የግንዱን አንገት፣ ማለትም ከመሬት ጋር የሚገናኝበትን ቦታ፣ የሚያበሰብሰው በሽታ ይገባል፤ አይጥም በውስጡ ተሸሽጎ ቅርፊት ይግጣል። ገለባ ከሆነማ አይጥ እንደ ሆቴል ነው የሚቆጥረው።

ኖዝል

እህቴ፣ ስለ መላመዱ ትክክል ነሽ። አንድን መድኃኒት ብቻ ይዞ የሚኖር ሰው አረም እያራባ ነው። ከመብቀሉ በፊት የሚረጩ አሉ፤ ፔንዲሜታሊንና ኦሪዛሊን ለምሳሌ። የበቀለ አረም አይገድሉም፤ በንጹሕ መሬት ላይ ተረጭተው ዝናብ ወይም መስኖ አፈር ውስጥ ካስገባቸው ዘሩን እንዳይበቅል ይከለክላሉ። አዲስ በተተከለ ዛፍ ሥር ግን አፈሩ ገና ተሰነጣጥቆ እያለ አይረጩም፤ በስንጥቁ ገብተው ሥር ያገኛሉ። አፈሩ በዝናብ ወይም በውሃ ተረግጦ ይደር።

ጉዝጓዝሽንም አልቃወምም። ትልቅ እርሻ ላይ ግን ያን ሁሉ ፍቅፋቂ ከየት ታመጪያለሽ? እዚያ ላይ ነው ልዩነታችን።

ጉዝጓዝ ብቻ

ከመተላለፊያው ነዋ! ሣሩን ወደ ጎን በሚተፋ ማጨጃ አጭደህ ወደ ረድፉ ግፋው። መኪና አይጫንም፣ ፍቅፋቂም አይገዛም። ብቻውን አይበቃም፤ ስስ ነው። ግን ድርብ ሥራ ነው። መተላለፊያውም ታጨደ፣ ረድፉም ለበሰ። ዘር ከመያዙ በፊት ብቻ እጨደው፤ አለዚያ የምትበትነው ዘር ነው።

ሰርዶ ያስመረረኝ

በጎን ገብቼ ይቅርታ። እኔ ጋ ያለው ሰርዶ ነው፣ እንግጫም አለበት። ጉዝጓዝ አለበስኩት፣ በላዩ ላይ ወጣ። ኮተኮትኩት፣ እንደ ዘራሁት በዛ። ምን ይሻላል?

ኖዝል

ሰርዶን በመኮትኮቻ መቆራረጥ ማባዛት ነው። እያንዳንዱ የግንድ ቁራጭ አንጓ ካለው ራሱን ችሎ ይበቅላል። በመሬት ላይም በመሬት ውስጥም ስለሚሮጥ ከመተላለፊያው ተነሥቶ ረድፉ ውስጥ ይገባል፤ ዳሩን ካልያዝከው መሃሉን ብታጸዳ ከንቱ ነው።

ለሰርዶ ሣርን ብቻ የሚገድሉ መድኃኒቶች አሉ፤ ፍሉአዚፎፕ እና ክሌቶዲም። ሰፊ ቅጠል ያለውን ዛፍ አይጎዱም፤ በግንድ አካባቢ ከግላይፎሴት ይልቅ የምመርጣቸው ለዚህ ነው። ሰርዶው በደንብ እያደገ፣ ውሃ አግኝቶ ሳለ ይረጫሉ፤ በድርቅ ከተጨነቀ አይቀበልም። አንድ ጊዜ አይበቃም፤ ሲያገግም ይደገማል። ለየትኛው ፍራፍሬ እንደተፈቀደና ከመልቀም ስንት ቀን በፊት መቆም እንዳለበት የቆርቆሮው ጽሑፍ ላይ አለ፤ አንብብ።

እንግጫ ግን ሣር አይደለም። ግንዱን በጣትህ ብታንከባልለው ሦስት ማዕዘን ነው። ስለዚህ እነዚህ መድኃኒቶች አይነኩትም። ከመሬት በታች ያሉት ፍሬዎቹ ናቸው የሚያኖሩት። ስስ ፕላስቲክ ብታነጥፍበት ይበሳዋል። ገና ጥቂት ቅጠል እያለው፣ አዲስ ፍሬ ሳይሠራ፣ ደጋግሞ መንቀል ወይም መቁረጥ ያደክመዋል። ብዙ ጊዜ እንግጫ የበዛበት ረድፍ የሚያፈስ መስኖ ያለበት ነው፤ ቱቦህን ፈትሽ።

ጥቁር ምንጣፍ

የተሸመነ የፖሊፕሮፒሊን ምንጣፍ ማንም አላነሣም? ውሃ ያሳልፋል፣ እንግጫም እንደ ስስ ፕላስቲክ አይበሳውም፤ ጥሩው ከሆነ ዓመታት ይቆያል። እኔ ረድፉን በሙሉ በዚህ ነው የሸፈንኩት፤ ከግንድ አጠገብ ምንም መሣሪያ አይገባም።

ዶማ ይሻላል

ጥሩ ነው፤ ግን ሁለት ነገር ተጠንቀቅ። ለግንዱ የቀደድከው ቀዳዳ ግንዱ ሲወፍር ያንቀዋል፤ በየጊዜው ሰፋ አድርገው። ከምንጣፉ ሥር ደግሞ አይጥ መንገድ ይሠራል። ጠርዙን ገለጥ አድርገህ አይተህ ታውቃለህ?

ጥቁር ምንጣፍ

አይቼው አላውቅም። ነገ እገልጣለሁ።

ጥቁር ምንጣፍ

ገለጥኩ። መንገዱ አለ፤ የተላገ የሚመስል ጥርጊያ፣ እንደ ሰው መንገድ። ቅርፊት ገና አልነኩም። አሁን የብረት መረብ ግንዱ ላይ እየጠቀለልኩ ነው።

ሳይነቀል ይኑር

እስካሁን ሁሉም ሰው «ረድፉ ባዶ መሆን አለበት» ከሚለው ተነሥቶ ነው የተናገረው። እኔ እዚያ ላይ ጥያቄ አለኝ። ረድፉ በሙሉ፣ ዓመቱን በሙሉ ባዶ መሆን አለበት ያለው ማነው?

ለወጣት ዛፍ አዎ፣ ውድድሩ ከባድ ነው፤ በተለይ የውሃና የናይትሮጅን። ቡቃያ ከሚፈነዳበት ጊዜ ጀምሮ እስከ ሞቃቱ ወቅት አጋማሽ ያለው ጊዜ ነው ወሳኙ፤ ያኔ ዛፉ ቁመቱን የሚያወጣበት ስለሆነ አረም አብሮት ከጠጣ ለዘለቄታው ይጎዳዋል። ያ ካለፈ በኋላ የሚበቅል ዝቅ ያለ አረም ግን ጉዳቱ ትንሽ ነው። ጭራሽ አፈር ይይዛል፣ የተረፈ ናይትሮጅን ይሰበስባል፣ የዛፉን ያለልክ ማደግም ገታ ያደርጋል። ስለዚህ ዓመቱን ሙሉ መሬቱን እየላጩ መኖር ግንዱ ላይ ያለውን አደጋ በከንቱ ማብዛት ነው።

እንደ ኤም 9 ባለ አሳጣሪ ሩትስቶክ ላይ የተዳቀለ ፖም ካላችሁ ግን ይህን አታላሉ፤ ሥሩ ደካማ ስለሆነ እስከ ዕድሜው መጨረሻ አረም አይወድም።

ሁለተኛው ነገር፣ በስዊዘርላንድ ፊብል የተባለው የኦርጋኒክ እርሻ ምርምር ተቋም የሠራበት «ሳንድዊች» የሚባል ዘዴ አለ። ሐሳቡ ቀላል ነው። በግንዶቹ መስመር ላይ ያለው ጠባብ ንጣፍ ዝቅ ብሎ የሚያድግ ተክል ይዞ ይቀራል፤ የሚኮተኮተው በሁለቱ ጎን ያለው ንጣፍ ብቻ ነው፣ ያውም በጥልቀት ሳይሆን ላይ ላዩን። መኮትኮቻው ግንድ አጠገብ የሚደርስበት ምክንያት ጭራሽ የለም። በዛፍና በዛፍ መካከል ገባ ወጣ እያለ ግንድ ሲነካ የሚያፈገፍገውን ውድ ማሽንም መግዛት አያስፈልግም። ቀጥ ብለህ ትነዳለህ፣ አበቃ።

ለኔ የዚህ ውይይት ሁሉ ጥያቄ መልሱ እዚህ ነው ያለው። የተሻለ መሣሪያ ከመፈለግ በፊት መሣሪያ ወደ ግንዱ እንዳይጠጋ የሚያደርግ አሠራር ፈልጉ።

ሽማግሌው ገበሬ

ይኼ ልጅ ጥሩ ተናገረ። መኮትኮትን በተመለከተ ልጨምር። ምግብ የሚለቅሙት ስስ ሥሮች አብዛኛዎቹ ከላይኛው አፈር ላይ ናቸው። በጥልቀት የኮተኮተ ሰው አረሙንም ሥሩንም አብሮ ቆርጧል። በሥሩና በአንገቱ ላይ በሚተወው ቁስል በኩል ደግሞ የዘውድ እባጭ የሚባለውን የሥርና የአንገት እጢ የሚያመጣው ባክቴሪያ ይገባል፤ ኮክ ለዚህ ስስ ነው። ሁለት ጣት ጥልቀት ይበቃል።

በግ አርቢ

እኛ ጋ በጎች ናቸው የሚያጭዱት። ነዳጅ የለ፣ ክር የለ።

ዶማ ይሻላል

ወንድሜ፣ በግ ቅርፊት አይልጥም እንዳትለኝ! የሽሮፕሻየር ዝርያ ከሌላው ይሻላል ይባላል፤ እሱም ሣር ሲያጣ ወይም ሲሰለቸው ይጀምራል። ወጣት ዛፍ ላይ አልመክርም። ሌላው ደግሞ የመዳብ ፀረ ፈንገስ የምትረጩ ካላችሁ በጎቹን አርቁ፤ በግ ለመዳብ በጣም ስስ ነው፣ ይመረዛል። ዝይ ከበግ ይሻላል፤ ሣር ትወዳለች።

ቅጠል ለቃሚ

በጋዝ ነበልባል ማቃጠልስ? ያለ ኬሚካል ነው።

ጉዝጓዝ ብቻ

ይሠራል፤ ግን «ማቃጠል» አትበለው። አረሙን አመድ ማድረግ አይጠበቅብህም። ነበልባሉ ለቅጽበት ያልፍበታል፣ በውስጡ ያለው ውሃ ፈልቶ ሕዋሱን ያፈነዳል። ሞክረህ ለማወቅ ቅጠሉን በሁለት ጣትህ ጫን አድርገው፤ ጥቁር የጣት አሻራ ከቀረበት በቂ ነው። ትንንሽ ሰፊ ቅጠል አረም ይሞታል፤ ሣር ግን የማደጊያው ጫፍ ከታች ተሸሽጎ ስለሚቆይ ተመልሶ ይመጣል። ደረቅ ጉዝጓዝ፣ የጠብታ መስኖ ቱቦና የፕላስቲክ መከለያ ባለበት ረድፍ ግን አይሞከርም። ስስ ቅርፊትም በሙቀት ይሞታል፤ ውጭው ምንም ሳይመስል።

ኮምጣጤ የምትጠይቁ ካላችሁ፣ የወጥ ቤቱ ትንንሽ አረም ቅጠል ብቻ ነው የሚያጠወልገው፤ ጠንካራው ደግሞ ዓይን ያሳውራል። ጨው ጭራሽ አይሆንም፤ አፈሩን ነው የምትገድሉት።

አወያይ

ውይይቱ ጥሩ እየሄደ ነው። ግላይፎሴት ይታገድ አይታገድ የሚለው ክርክር የራሱ የውይይት ገጽ አለው፤ እዚያ ቀጥሉ። ከዚህ የሰረዝኳቸው አስተያየቶች ስድብ ስለነበረባቸው ነው።

ኮክ ተካይ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ያነበብኩትን አጣምሬ ያሰብኩትን ልንገራችሁና አርሙኝ። ግንዶቹን በብረት መረብ እጠቀልላለሁ፤ ለአይጥም ለማጨጃውም ይሆናል። በዙሪያው አንድ መዳፍ ክፍት ትቼ ከዚያ ወዲያ ካርቶንና ፍቅፋቂ አለብሳለሁ። የመተላለፊያውን ሣር ወደ ረድፉ እገፋለሁ። ፀረ አረም ቁስሉ እስኪሽር ግንድ አካባቢ የለም፤ ዳር ዳሩን ለያዘው ሰርዶ ብቻ ሣር ገዳዩን እጠቀማለሁ። ግንዱን ነጭ ቀለም ልቀባው አስቤያለሁ፤ ይህ ከፀረ አረምም ይከላከላል?

ኖዝል

ነጭ ቀለም ለፀሐይ ነው። በውሃ የሚበጠበጠውን ነጭ የቤት ውስጥ ቀለም ከእኩል ውሃ ጋር ቀላቅለህ ትቀባለህ፤ ቅርፊት በፀሐይ ተጠብሶ እንዳይሰነጠቅ ያደርጋል። የዘይት ቀለም አይሆንም። የፀረ አረም ከለላ አድርገህ ግን አትቁጠረው። የተላጠው ቁስል ላይም አትቀባ፤ ደህናው ቅርፊት ላይ ብቻ።

ዶማ ይሻላል

መረቡ ቀዳዳው 6 ሚሊ ሜትር ወይም ከዚያ ያነሰ ይሁን፤ አለዚያ ትንሽ አይጥ ትገባለች። ቁመቱ 45 ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ ታችኛው ጠርዝ ጥቂት ጣት አፈር ውስጥ የተቀበረ። ግንዱ ላይ አታጣብቀው፤ በዙሪያው ጣት የሚያስገባ ክፍተት ይኑር። ጠርዙን በሽቦ ቋጠሮ ብቻ ያዘው፣ አትስፋው፤ ትፈታዋለህና። የላስቲክ ጥምዝምዝ መከለያ የምትገዛ ከሆነ እርጥበትና ነፍሳት ከሥሩ እንደሚያድሩ አስብ። እና የጠብታ መስኖህ ነጠብጣብ ግንዱን እንዳያርስ ጎኑ ላይ አርቀው።

ኮክ ተካይ

ተግባባን። አንድ የቀረኝ፣ ከቆሰሉት ኮኮች አንዳንዶቹ ከታች ሙጫ ማውጣት ጀምረዋል። ያስፈራል?

ሽማግሌው ገበሬ

ኮክ ሲቆስል ሙጫ ማውጣቱ ልማዱ ነው። ልዩነቱን በእጅህ እየው። ሙጫው ጥርት ያለና ለብቻው ከሆነ ከቁስሉ ነው፤ ተወው። ከሙጫው ጋር የመጋዝ ዱቄት የመሰለ ቡናማ ቅንጣት ተቀላቅሎ ካገኘህ ግን ግንድ ሰርሳሪ ትል ገብቷል። የቆሰለ አንገት ይስባታል፤ እናቲቱ እንቁላሏን የምትጥለው እዚያ ነው። ሙጫውን አንሣና ቀዳዳውን ፈልግ፣ ቀጭን ሽቦ አስገብተህ ትሉን ውጋው። መረቡን ከማሰርህ በፊት አሁኑኑ እያንዳንዱን ኮክ ተመልከት፤ ከጠቀለልከው በኋላ ጎንበስ ብሎ የሚያይ ሰው ጥቂት ነው።

ኮክ ተካይ

ሁለቱ ላይ ዱቄቱ አለ። ሽቦ ይዤ ወጣሁ።